በገዛ ቤታችን እንግዳ

ሰኔ 2017፣ ደብረ ማርቆስ። በጀት መዝጊያው ሦስት ቀን ቀርቶታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል፣ መብራቱ ይሄዳል ይመጣል።

የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ያለው ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም በጫንኩባት አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ፎልደሯን ለዊንዶውሶቹ የሚያጋራውን ፕሮግራም፣ ሳምባን፣ እኔው ነኝ ያስተካከልኩት፤ ዊንዶውሶቹ ያለ ይለፍ ቃል ዘው ብለው ይገባሉ። አራት ዓመት ስሟን ያነሳ አልነበረም። ከዚያ ለሒሳብ ክፍልና ለኃላፊው ዊንዶውስ 11 ፕሮ የተጫነባቸው አዳዲስ ኮምፒውተሮች ተገዙ።

የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ደወሉ።

«ልጄ፣ ፎልደሩ እምቢ አለኝ።»

«ምን ይላል?»

እንግሊዝኛውን ቃል በቃል አነበቡልኝ። የድርጅታችሁ የደኅንነት ፖሊሲ ማንነቱ ያልተረጋገጠ እንግዳ እንዳይገባ ከልክሏል ነው ነገሩ።

«እትዬ፣ ድርጅታችን እኮ ፖሊሲ የለውም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ይህቺ መልሴ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ሴትዮዋ በሽታውን ከነስሙ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ይመልስ እንደሆነ ለማየት ፒንግ ማድረግ ጀመርኩ። ይመልሳል። ፋየርዎሉን አየሁ፣ ፎልደር የሚጋራበት በር 445 ክፍት ነው። ገመድ ሁሉ ቀየርኩ። ዊንዶውስ 10ዎቹ እንደ ወትሮው ይገባሉ።

እትዬ ለካ ያነበቡትን ለኃላፊውም ነግረዋቸዋል። ከምሳ በፊት ተጠራሁ። ተቀመጥ እንኳን አላሉኝም።

«ይህን ፖሊሲ ያወጣው ማነው? ማኔጅመንቱ ሳያውቅ?»

«ማይክሮሶፍት ነው።»

«ማይክሮሶፍት የእኛን ቤት በምን ያውቀዋል?»

ንብረት ክፍል የሚሠሩት የኔታ ለፊርማ መጥተው ቆመዋል። ዋሸራ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ስለሆኑ ነው የኔታ የምንላቸው።

«እንግዳ የተባለው ማነው?» አሉ።

«እኛ ነን፣ የኔታ። ይለፍ ቃል ስለሌለን ማን እንደሆንን አያውቀንም።»

«በገዛ ቤታችን?» አሉና ሳቁ። «ጎጃም ውስጥ እንግዳ የሚመልስ ቤት መጣ በላ!»

ኃላፊው አልሳቁም።

ያኔ ነው የእትዬን መልእክት ራሴ ያነበብኩት። ዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 ከተባለው እትሙ ወዲህ ያለ ይለፍ ቃል የሚከፈት ፎልደር ውስጥ አልገባም ይላል። ምክንያት አለው፤ ይለፍ ቃል ከሌለ መልእክቱ ከማን እንደመጣ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ የለም፣ ፊርማ ከሌለ ደግሞ ማንም ተነስቶ ሰርቨሩ እኔ ነኝ ቢል መለያ የለህም። ኮምፒውተሩን የሸጠልን ልጅ በስልክ «ሬጅስትሪው ላይ ሁለት ቁጥር ቀይርና ተገላገል» አለኝ። ሬጅስትሪ የዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያዎች መዝገብ ነው፤ ልጁ ጥበቃውን አጥፋው ማለቱ ነው። ተኮፈስኩበት። እንዲህ ያለ ሥራ እኔ ዘንድ አይሠራም አልኩት። ቃሌን እንዳለ አስታውሰዋለሁ።

በወጉ ልሥራው ብዬ ኡቡንቱዋ ላይ ለእትዬ ስምና ይለፍ ቃል ከፈትኩላቸው። እትዬ በሁለት ጣት እየፈለጉ ጻፉ። ያው መልእክት! ደግመው ጻፉ። ያው! «ልጄ፣ አሁንም እንግዳ ነኝ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

በማግስቱ ነው የበራልኝ። ሳምባ የራሱ የተጠቃሚዎች መዝገብ አለው። ሊኑክሱ ቢያውቅህም ሳምባው እዚያ ካልመዘገበህ አያውቅህም። በዚያ ላይ ኡቡንቱ ይዞት የሚመጣው የሳምባ ፋይል ውስጥ፣ የማታውቀው ስም ከመጣ እንግዳ አድርገህ አስገባው የሚል መስመር አለ። አራት ዓመት በላዩ አልፌዋለሁ። እትዬ ትክክለኛ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ የእኔው ሳምባ እንግዳ ያደርጋቸዋል፣ ዊንዶውሱ እንግዳ አላስገባም ይላል። ኃላፊው የሚፈልጉት ፖሊሲ አውጪ ግማሹ ፊታቸው ቆሞ ነበር።

ሳምባው ላይ መዘገብኳቸው። ዊንዶውሱ የያዘውን የድሮ ግንኙነት ኔት ዩዝ በሚባል ትዕዛዝ አስረሳሁት። ገቡ። ሒሳቡ በቀኑ ተዘጋ። የእትዬ ይለፍ ቃል አሁን ስክሪናቸው ጥግ ላይ በስቲከር ተለጥፏል፤ አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ።

ኃላፊው ግን «እኔ በየጠዋቱ ይለፍ ቃል ስጽፍ አልውልም» አሉ። እሳቸው ዛሬም የሚገቡት እንግዳ ሆነው ነው። ሬጅስትሪያቸውን ማን እንደነካው አትጠይቁኝ።