እጅ መስጠት

"እጅ ሰጠህ እንዴ?" አሉኝ አባባ በስልክ።

ቪዲዮውን ያሳያቸው የአጎቴ ልጅ ነው። ለገበያ ቢቸና በወጡ ቀን ስልኩን አውጥቶ "ልጅዎ ዓረብ አገር ሲታገል ይዩት" ይላቸዋል። ያዩት ግን ስሸነፍ ነው። አንድ ቀጭን ልጅ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሁለት እግሩን አንገቴና ጎኔ ላይ ጥሎ፣ ክንዴን ደረቱ ላይ ለጥጦ ይዞታል። እኔ በነጻው እጄ ጭኑን መታ መታ አደርጋለሁ። ዳኛው ገብቶ ይለያየናል።

አባባ ግራ ገብቷቸዋል። "የወደቀው እሱ። ከላይ ያለኸው አንተ። ታዲያ ምን ሆንክና ነው?"

"አባባ፣ መታ መታ ካላደረግሁ ክንዴን ይሰብረዋል" አልኳቸው።

ዝም አሉ። ከዚያ "የበላይ ዘለቀ አገር ልጅ..." ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ስልኩን ለእማዬ ሰጧት። እማዬ የጠየቀችኝ ስለ ልብሱ ብቻ ነው። ያ ነጭ ነገር የዲያቆን ቀሚስ መስሏታል።

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች "ያ የብራዚል ትግል ምናምን የምትለው ነገር ምንድን ነው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ባጃጅ ውስጥ ሆኖ አይብራራም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ያደግሁት ከቢቸና በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የጤፍ አገር ነው። ዋልካ መሬት። ክረምት እግር ይውጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ከብት ስንጠብቅ ሥራችን ትግል ነበር። በተለይ ጥር ላይ፣ አውድማው ዳር ጭዱ ሲከመር። ሕጉ አንድ ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። ነጥብ የለ፣ ሰዓት የለ። ጠልፈህ ትጥላለህ፣ እሱ ተነሥቶ ጭዱን ያራግፋል፣ በቃ። እኔ ጠለፋ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይመሰክራሉ፤ የማይመሰክር ካለ ይምጣና እንግጠም።

በ2007 ዓ.ም. ለጥበቃ ሥራ አቡ ዳቢ ሄድኩ። የምንኖረው ሙሳፋህ ነው፤ ስምንት ሆነን አንድ ክፍል። የምጠብቀው ሕንጻ ምድር ቤት ላይ ግን የጂዩጂትሱ፣ ያ የብራዚል ትግል የምለው ነገር፣ ማሠልጠኛ ነበር። ማታ ማታ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። የጎለመሱ ሰዎች መሬት ለመሬት እየተንከባለሉ ይተቃቀፋሉ። አንዱም ቆሞ አይታገል!

አሠልጣኙ ብራዚላዊ ነበር። ሁልጊዜ ሲወጣ ሰላም ይለኛል። አንድ ቀን በመስታወት ሳይ አግኝቶኝ በምልክት ግባ አለኝ። ከሥራ ውጪ በሆንኩበት ሰዓት ምንጣፉን እየወለወልኩ በነጻ እንድማር ተስማማን።

የመጀመሪያ ቀን ከኔ የሚያንስ ልጅ ሰጠኝ። በአንድ ጠለፋ ዘረርኩት። ኮራሁ። ቆሜ "ጨርሻለሁ" ብዬ እጠብቃለሁ። ልጁ ከወደቀበት ሆኖ እጅጌዬን ያዘ፣ እግሩን ወገቤ ላይ ቆለፈ፣ ቀጥሎ የማስታውሰው አንገቴ ውስጥ የገባውን የራሴን ኮሌታ ነው። በእኛ አገር ያለቀው ትግል እዚያ ገና መጀመሩ ነበር። ጀርባህ መሬት ላይ ሆኖ በእግርህ የምትከላከልበት ቦታ ጋርድ ይባላል። ሰውን መጣል 2 ነጥብ ነው። ጋርዱን አልፎ ጎኑ ላይ መጫን 3። ደረቱ ላይ መቀመጥ፣ ወይም ከጀርባው ሆኖ ሁለቱን እግር በጭኖቹ መሃል ማስገባት 4። ይህ ሁሉ ግን አንገት ወይም መገጣጠሚያ እስኪያዝ ነው። የተያዘው መታ መታ ካደረገ 20 ለ0 እየመራም ቢሆን ተሸነፈ።

ወደ አባባ ስልክ ልመለስ።

ያ ነገር ከነከነኝ። በአማርኛ "እጅ ሰጠ" ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ልጅ አይነገርም። ሽፍታም ቢሆን፣ አርበኛም ቢሆን፣ የሚዘፈንለት እጅ ያልሰጠው ነው። እኔ ደግሞ ቃል በቃል እጄን ነው የምሰጠው፤ በመዳፌ፣ ሰው እያየኝ፣ በካሜራ። ከዚያ ስልክ በኋላ ልምምድ ላይ መታ ማድረግ አስጠላኝ። ፊቴ እስኪጠቁር እታገሣለሁ። አሠልጣኙ ይቆጣኛል፤ እኔ ጥንካሬ ይመስለኛል።

ቀጣዩ ውድድር ዛይድ ስፖርት ሲቲ ባለው አዳራሽ ነበር። ከ69 ኪሎ በታች፣ ነጭ ቀበቶ (የጀማሪ ማለት ነው)፣ 5 ደቂቃ። ሁለት አሸንፌ ግማሽ ፍጻሜ ገባሁ። ተጋጣሚዬ የአገሩ ልጅ ነው፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። አቡ ዳቢ ውስጥ ጂዩጂትሱ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። እኔ ከብት ስጠብቅ እሱ ይሄን ሲያጠና ነው ያደገው። ክንዴን ያዘ። አርምባር ነው፣ ያው የቪዲዮው። እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አውራ ጣትህን ወደ ላይ አድርጎ አንጓህን ደረቱ ላይ ያጣብቃል። በጉልበቶቹ ክንድህን ይቆልፋል። ከዚያ ዳሌውን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ያነሣል፣ ያ ብቻ ነው። ጉልበት አይጠይቅም። ክርንህ በተፈጥሮው ወደማይታጠፍበት እየሄደ መሆኑን ለማወቅ ሁለት ሰከንድ ያህል አለህ።

እኔ ሁለቱንም ሰከንድ ስለ አባባ ሳስብ አሳለፍኳቸው።

ቀጭ አለ። እንደ ደረቅ እንጨት ሳይሆን እንደ ረጠበ። ልጁ ራሱ ደንግጦ ለቀቀኝ፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ያለቀሰው ማለት ይቻላል።

አምስት ወር ምንጣፍ አልረገጥኩም። የምሠራበት ድርጅት "በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት አይደለም" ብሎ ያልሠራሁበትን ደመወዝ ቆረጠ። ወደ ቤት የምልከው ገንዘብ ሁለት ወር ተቋረጠ። ለአባባ ታምሜ ነው አልኩ።

እጄ ታስሮ ቁጭ ብዬ ልምምድ ሳይ አሠልጣኙ አጠገቤ መጥቶ ስለ ሄልዮ ግሬሲ ነገረኝ። ማኤዳ የሚባል ጃፓናዊ የጁዶ ሰው እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ። ከእሱ ካርሎስ ግሬሲ ተማረ፣ ከካርሎስ ደግሞ ወንድሞቹ። ሄልዮ የመጨረሻው ነው፤ ቀጭን። እ.ኤ.አ. በ1951 ሪዮ፣ ማራካና ስታዲየም ውስጥ ማሳሂኮ ኪሙራ ከሚባል የጃፓን ጁዶ ጀግና ጋር ገጠመ። ኪሙራ በብዙ ኪሎ ይበልጠዋል። ክንዱን ወደ ኋላ ጠመዘዘው። ሄልዮ እጅ አልሰጠም። እየጠመዘዘው፣ እየጠመዘዘው፣ አሁንም አልሰጠም። በመጨረሻ ፎጣ ወርውሮ ያስቆመው ወንድሙ ካርሎስ ነው። ያ አያያዝ ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚጠራው በአሸናፊው ስም ነው፤ ኪሙራ።

አሠልጣኙ ይሄን የነገረኝ እንድማርበት ይመስለኛል። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ለአባባ ደውዬ አወራኋቸው። እውነቱንም፣ የክንዴን ነገር፣ ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት።

"አየህ!" አሉ አባባ ስለ ሄልዮ ሲሰሙ። "ይሄ ሰው ጎጃሜ ነው!"

ስቄ ልሞት። ቆየት ብለው ግን "ወንድሙም ደህና ሰው ነው" አሉ። ስለ እኔ ክንድ ምንም አላሉም። እማዬ ነች የነገረችኝ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

የቀረውን ቶሎ ልበለው። በ2010 ዓ.ም. ከነጭ ቀጥሎ ያለውን ሰማያዊ ቀበቶ አገኘሁ። በሰባት ዓመት ውስጥ 23 ጊዜ ተጋጠምኩ፣ 11 አሸነፍኩ። አንድ ወርቅ፣ ሁለት ነሐስ። ወርቁ እማዬ ቤት ከመስቀሉ ጎን ተሰቅሏል። ቀጣዩን፣ ሐምራዊ ቀበቶ ሳላገኝ ነው የተመለስኩት። ገንዘብ? የመመዝገቢያውን እንኳ አልመለሰም። ኤዲሲሲ የሚባለው፣ የአቡ ዳቢው ልዑል ሼኽ ታህኑን እ.ኤ.አ. በ1998 እዚያው የጀመሩት ትልቁ ውድድር፣ ለአንድ ሚዛን ወንድ አሸናፊ ይሰጥ የነበረው 10,000 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ክሬግ ጆንስ የሚባል አውስትራሊያዊ ላስ ቬጋስ ላይ ሌላ ውድድር አዘጋጅቶ ለአሸናፊ 1 ሚሊዮን፣ ለመጣ ተጋጣሚ ሁሉ ደግሞ 10,001 ዶላር ከፈለ። አንዷ ዶላር ስድብ ናት። ሳያት ሁሌ ደስ ትለኛለች።

አሁን ማርቆስ ነኝ። አንድ የተከራየሁት መጋዘን አለ። ምንጣፉ ጭድ የሞላ ጆንያ ነው፣ ከላይ ሸራ የተወጠረበት። ጭድ ከስፖንጅ አይሻልም የሚል ሰው አውድማ አይቶ አያውቅም። ችግሩ አይጥ ነው። ዘጠኝ ልጆች አሉኝ፣ ሁለቱ ሴቶች። ጊ የሚባለውን ነጩን የትግል ልብስ አንድ ልብስ ሰፊ ከአቡጀዴ ይሰፋልናል፤ ኮሌታውን ሦስት ጊዜ ደርቶ ነው፣ አለበለዚያ በሳምንት ይቀደዳል።

የመጀመሪያው ትምህርት መታ መታ ማድረግ ነው። ከሁሉም የሚከብዳቸውም እሱ ነው። ሴቶቹ ቶሎ ይማራሉ። ወንዶቹ ግን ይሞታሉ እንጂ መታ መታ አያደርጉም። አንዱ ማነቂያ ውስጥ ገብቶ እምቢ ብሎ ራሱን ሳተ። የአንገት ደም ሥር ከሁለቱም ጎን ከተዘጋ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ወዲያው ነቃና "አልሰጠሁም አይደል?" አለኝ።

ባለፈው ወር አባባ ለዓይን ሕክምና ማርቆስ መጡ። ማታ ብቻቸውን ቤት ከሚቀመጡ ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። በር አጠገብ ዱካ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ምንም አይናገሩም። ዓይናቸው ብዙም አያይም፣ የሚሰሙ ነው የሚመስለው።

ያው እምቢተኛ ልጅ አርምባር ውስጥ ገባ። የያዘችው አንዷ ሴት ልጅ ናት። አንጓውን ደረቷ ላይ አጣበቀች፣ ዳሌዋን ማንሣት ጀመረች። ልጁ ጥርሱን ነክሷል። እኔ ልለያያቸው ስንደረደር ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

"ስጣት! ስጣት አንተ ልጅ!"

አባባ ቆመዋል። ዱላው ወድቋል። ልጁ ደንግጦ ሸራውን ሦስቴ ጠፈጠፈው።

ሁላችንም ዞረን ስናያቸው አፈሩ። ተቀመጡና ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

"እርፍ የሚይዝበት እጅ ነው እኮ" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።