የቴክኖሎጂ አክሲዮኖችን በገቢ ትንበያ ዙሪያ እንዴት እንደምገበያይ

በሩብ ዓመት ሪፖርት ሰሞን የቴክኖሎጂ አክሲዮኖችን ስገበያይ የምከታተለው ኩባንያው ያለፉትን ሦስት ወራት ስንት እንዳተረፈ ሳይሆን ለቀጣዩ ሩብ ዓመት ምን ያህል ገቢ እንደሚጠብቅ ነው። ያለፈው ትርፍ በአብዛኛው አስቀድሞ ተገምቶ በዋጋው ውስጥ የገባ ሲሆን፣ አክሲዮኑን በአንድ ሌሊት የሚያናጋው የወደፊቱ ግምት ሲለወጥ ነው።

የቺፕ ኩባንያው ኢንቪዲያ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ተንታኞች 7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲጠብቁ የቀጣዩ ሩብ ዓመት ገቢው 11 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ እንደሚሆን ስላስታወቀ፣ አክሲዮኑ በማግስቱ 24 በመቶ ያህል ጨመረ። በኦገስት 2024 ደግሞ የተነበየው 32.5 ቢሊዮን ዶላር ከተንታኞች አማካይ ግምት ቢበልጥም አክሲዮኑ በማግስቱ 6 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ከፍተኛ ግምት የያዙት ተንታኞች ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቁጥር ጠብቀው ነበርና። ስለዚህ አማካዩን ብቻ ሳይሆን ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ግምት፣ እንዲሁም አክሲዮኑ ከሪፖርቱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ምን ያህል እንደወጣ ጎን ለጎን እመዘግባለሁ። ኩባንያው ትንበያውን ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ በኋላ የመብለጥ ልማድ ካለው፣ ገበያውም ይህንን ስለሚያውቅ፣ በጥቂቱ መብለጡን እንደ ምሥራች አልቆጥረውም።

ሪፖርቱ ከመውጣቱ በፊት አቅጣጫ ገምቼ አልገባም። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በፌብሩዋሪ 2022 ከተንታኞች ግምት በታች የሆነ ከ27 እስከ 29 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ሲተነብይ አክሲዮኑ በማግስቱ 26 በመቶ ወደቀ። ዜናው ገበያው ከተዘጋ በኋላ ስለወጣ፣ ከመዝጊያው ዋጋ ጥቂት ዝቅ ብሎ የተቀመጠ የኪሳራ መገደቢያ ትእዛዝ (አክሲዮኑ ወደ ተወሰነ ዋጋ ሲወርድ እንዲሸጥ የሚያዝ) የሚፈጸመው በታሰበው ዋጋ ሳይሆን በማግስቱ መክፈቻ በሚገኘው ዋጋ ነበር። ኦፕሽን (አክሲዮኑን እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት) መግዛትም ቢሆን ቀላል መውጫ አይደለም፤ ከሪፖርቱ በፊት ዋጋው በስጋት ያበጠ ስለሚሆንና ዜናው እንደወጣ ስለሚሟሽሽ፣ አቅጣጫውን በትክክል የገመተ ሰው እንኳ ሊከስር ይችላል። እኔ የኦፕሽኖችን ዋጋ የምጠቀመው ገበያው ምን ያህል መዋዠቅ እንደሚጠብቅ ለማወቅና የግዢዬን መጠን በዚያ ልክ ለመወሰን ነው።

መግለጫው እንደወጣ የሚታየውን የመጀመሪያውን የዋጋ እንቅስቃሴ አላምነውም። ማይክሮሶፍት፣ ለምሳሌ፣ ትንበያውን የሚሰጠው በጽሑፍ መግለጫው ሳይሆን ከዚያ በኋላ ከተንታኞች ጋር በሚደረገው ውይይት ላይ ነው፤ በዚህም ምክንያት በመካከል የታየው ጭማሪ የፋይናንስ ኃላፊዋ መናገር ስትጀምር ሊገለበጥ ይችላል። ውይይቱን እስከ መጨረሻው አዳምጬ የገቢውን ክልል አጋማሽ፣ የትርፍ ህዳጉን (ከገቢው ትርፍ የሚሆነውን ድርሻ) እና የመሠረተ ልማት ወጪውን ከግምቶቹ ጋር ካነጻጸርሁ በኋላ፣ በማግስቱ ገበያው ተከፍቶ የመጀመሪያው ግርግር ሲበርድ ልይዘው ካሰብሁት ግማሹን ብቻ እገዛለሁ። ቀሪውን የምጨምረው ተንታኞች በተከታዮቹ ቀናት ግምታቸውን ወደ ላይ ሲከልሱ ነው፤ ካልከለሱ የያዝሁትንም እሸጣለሁ።