ስምንት ፈረስ ሰባት ሲሆን

ይህን የምጽፈው እኔን የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው። ለንደን ውስጥ ፈረስ ላይ የሚወራረድ ሐበሻ ጥቂት አይደለም። ብዙዎቻችን ኳስ ላይ ትኬት መቁረጥ ለምደን ነው ወደ ፈረስ የምንሻገረው። ኳስ ሁልጊዜ ሁለት ቡድን ነው። ፈረስ ግን ማታ ስምንት ሆኖ ያያችሁት ጠዋት ሰባት ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔን የበላኝ ያቺ አንዷ ፈረስ ናት።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ውርርድ ቤት ትገባላችሁ፣ ልጅ ከመሰላችሁ መታወቂያ ይጠይቋችኋል፣ ትኬት ትሞላላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። አለቀ።

እኔ የምወደው «ኢች ዌይ» የሚባለውን ነው። አንድ ውርርድ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። ግማሹ ፈረሱ ያሸንፋል ብላችሁ የምታስይዙት ነው። ሌላው ግማሽ ደረጃ ውስጥ ይገባል ብላችሁ ነው። ስለዚህ 20 ፓውንድ ኢች ዌይ ስትሉ ከኪሳችሁ የሚወጣው 40 ነው። ስንተኛ የወጣው ደረጃ ውስጥ እንደሚቆጠር የሚወስነው የፈረሶቹ ብዛት ነው። በተለመደው አከፋፈል ስምንትና ከዚያ በላይ ከሮጡ እስከ ሦስተኛ ይከፈላል፣ ከኦዱ አንድ አምስተኛ። ኦድ ማለት በአንድ ፓውንድ ስንት ትርፍ እንደሚከፈል የሚናገረው ዋጋ ነው፤ 10 ለ1 ካለ በአንድ ፓውንድ 10 ትርፍ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ከሆኑ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው፣ አንድ አራተኛ። አራትና ከዚያ በታች ከሆኑ ደረጃ የሚባል ነገር የለም።

ሐምሌ ላይ ነው፣ ዊንድዘር፣ የሰኞ ማታ ውድድር። ስምንት ፈረሶች ተመዝግበዋል። አንዷን ወደድኳት። ኦዷ 10 ለ1 ነበር። እሁድ ከሰዓት ሱቁ ገብቼ 20 ፓውንድ ኢች ዌይ አስያዝኩ። ሒሳቡን በጭንቅላቴ ሠርቼ ጨርሻለሁ። ሦስተኛ እንኳ ብትወጣ የ10 አንድ አምስተኛ 2 ነው፣ 40 ፓውንድ ትርፍ፣ ከ20ው ጋር 60 ይመለስልኛል። ትኬቱ ላይም በግልጽ ታትሟል፦ አንድ አምስተኛ፣ 1-2-3።

ሰኞ ሥራ ውዬ በቀጥታ ሱቁ ሄድኩ። ውድድሩን እዚያው ስክሪን ላይ አየሁት። ፈረሴ መጨረሻ ላይ መጣች፣ ሁለቱን አልደረሰችባቸውም፣ ሦስተኛ ወጣች። ተደስቼ ትኬቴን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

«ይሄ ምንም የለውም» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«ሦስተኛ ወጥታለች እኮ!»

«የሮጡት ሰባት ናቸው። ሁለት ደረጃ ብቻ ነው የሚከፈለው።»

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ ፈረስ ከውድድሩ ወጥቷል። ሙቀት ነበር፣ ሜዳው ደርቋል። ደረቅ መሬት የማይስማማው ፈረስ ሲሆን አሰልጣኙ እግሩን ላለመጉዳት ያስቀረዋል። ለፈረሱ ተገቢ ነው፣ በዚያ ቅሬታ የለኝም። እኔ ግን ትኬቱን እያሳየኋት «1-2-3 ይላል፣ እናንተ ናችሁ ያተማችሁት» እያልኩ ቆምኩ። ገልብጣ ከጀርባው ያለችውን አንዲት መስመር አሳየችኝ። የደረጃ ክፍያ የሚወሰነው በተጨባጭ በሮጡት ፈረሶች ቁጥር ነው ትላለች። ሦስቱ ቁጥሮች ፊት ለፊት በትልቁ፣ ይቺ ደግሞ ከኋላ የጉንዳን እግር አክላ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ቁጥሩ ሊለወጥ እንደሚችል ካወቃችሁ ለምን ከጎኑ አትጽፉትም?

አንድ ጋሼ የምላቸው የአገሬ ሰው አጠገቤ ነበሩ። «አይ ልጄ፣ እኔም ተቆርጦብኛል» አሉ። የሳቸው ፈረስ አሸንፏል። በ4 ለ1 10 ፓውንድ አስይዘው 40 ትርፍ ሲጠብቁ 30 ሰጧቸው። ከውድድሩ የወጣው ፈረስ ኦዱ 3 ለ1 ስለነበር ቀድሞ ዋጋ ከያዘ ሰው ትርፍ ላይ ከየፓውንዱ 25 ሳንቲም ይቀነሳል። «ደንብ 4» ይሉታል። ተፎካካሪ ቀንሷል፣ ማሸነፉ ቀሏል ነው ነገሩ። ይሄኛው ያስኬዳል። የኔው ግን በአንዲት ፈረስ መቅረት ሦስተኛ ደረጃ ራሱ ጠፋ።

ለዋናው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ያቺኑ የትኬት ጀርባ መስመር ገልብጠው ላኩልኝ። ስምንት ሳምንት ጠብቆ ወደ ገለልተኛ ዳኛ መሄድም ይቻላል። አልሄድኩም፤ ደንቡን ሦስቴ አነበብኩት፣ በደንቡ ትክክል ናቸው።

ለብዙ ቀን «ጠዋት ስልኬን ባየው ኖሮ» እያልኩ ራሴን ስወቅስ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ ጠዋት ባየውም ትኬቱን መሰረዝ አልችልም ነበር። ስህተቱን የሠራሁት እሁድ ነው። ያለ መሰናክል የሚሮጡት ፈረሶች የሚመዘገቡት ከ48 ሰዓት በፊት ነው። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ዝናብ አለ፣ ፀሐይ አለ፣ ሳል አለ። ልክ ስምንት የሆነ ውድድር ላይ ቀድሞ ኢች ዌይ ማስያዝ ማለት ከስምንቱ አንዱም አይቀርም ብሎ መወራረድ ነው።

ሰው ሁሉ «ዋጋውን ቀድመህ ያዝ» ይላል። ብዙ ውርርድ ቤቶችም ውድድሩ ሲጀመር ኦዱ እናንተ ከያዛችሁት ከፍ ካለ ትልቁን እንከፍላለን እያሉ ያበረታታሉ። እኔ አልስማማም። እሱ ዋጋውን ይጠብቅላችኋል እንጂ ደረጃውን አይጠብቅላችሁም። ቀድሜ የምይዘው አሥርና ከዚያ በላይ ከተመዘገቡ ብቻ ነው። ስምንት ከሆኑ ፈረሶቹ የሚነሱባቸው በሮች ሊከፈቱ ሁለት ደቂቃ ሲቀር ነው የማስይዘው። አምስት የተመዘገቡበት ላይ ጭራሽ ኢች ዌይ አልነካም። አንድ ከቀረ አራት ይሆናሉ፣ የደረጃው ገንዘብ ሁሉ ለማሸነፍ ወደተያዘው ይዞራል።

ጥቂት ፈረስ ማለት ቀላል ውድድር ማለትም አይደለም። አራት አምስት ሲሆኑ ማንም ቀድሞ መምራት አይፈልግም፣ ሲያዘግሙ ቆይተው መጨረሻ ላይ በሩጫ ይፈነዳሉ። ያኔ ጠንካራው ሳይሆን ጥሩ ቦታ የያዘው ያሸንፋል። ለማየት ግን እወዳቸዋለሁ። በ1964 ቼልተንሃም ጎልድ ካፕ በሚባለው ትልቅ የመሰናክል ውድድር ላይ የሮጡት አራት ብቻ ነበሩ። አርክል የተባለው ፈረስ ሚል ሃውስ የተባለውን በአምስት ፈረስ ርዝመት የቀደመበት ያ ውድድር ዛሬም ይወራል።

የፈረስ ማነሱ ችግር የኔ ብቻ እንዳልሆነ የፈረስ ውድድር አስተዳዳሪዎቹም ያውቁታል። ለ2024 ከመሰናክል ውድድሮች 300 ያህል የቀነሱት የቀሩት ውስጥ ፈረስ እንዲበዛ ብለው ነው። ትኬት ላይ ያለችውን ትንሽ መስመር ግን ማንም አላተለቃትም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የሃንዲካፕ ውድድር፣ ማለትም ጠንካራው ፈረስ የበለጠ ክብደት የሚሸከምበት፣ 16 ተመዝግበውበት ነበር። በሃንዲካፕ 16 ከሮጡ እስከ አራተኛ ይከፈላል፣ 15 ከሆኑ እስከ ሦስተኛ። የወደድኩት ፈረስ 20 ለ1 ነበር። ሦስት ደቂቃ ሲቀር አንዱ በሩ ውስጥ አልገባም ብሎ አስወጡት። ገንዘቤን ኪሴ መልሼ ከጋሼ ጎን ቁጭ ብዬ አየሁት።