የጠዋቱንና የከሰዓቱን ፈተና ላመጣጥን ብዬ የሠራሁት ስህተት

10ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ስለሆነ ለጠዋትና ለከሰዓት ሁለት የተለያየ ፈተና እናወጣለን። አንደኛው ሁሌም ይከብዳል። ከባዱ የደረሰው ልጅ ማርኩ ሲወርድ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ከ40ው ጥያቄ 8ቱን በሁለቱም ወረቀት ላይ አንድ አደረግኳቸው። ቢያንስ 20 በመቶ የጋራ ይሁን ተብሎ ይመከራልና። ሐሳቡ ቀላል ነው። የጋራዎቹ ጥያቄዎች የትኛው ፈረቃ እንደሚበረታ ያሳያሉ፤ ከዚያ የሚተርፈው ልዩነት የወረቀቱ ክብደት ነው። ማረሙና ኤክሴል ላይ ማስገባቱ አንድ ቅዳሜ ፈጀ።

የጠዋቱ አማካይ 24፣ የከሰዓቱ 22 መጣ። ርእሰ መምህሩ «2 ጨምርላቸውና ይለቅ» አሉኝ። እኔ ግን በጋራዎቹ ጥያቄዎች ጠዋት 4.5፣ ከሰዓት 5.1 አግኝቻለሁ። የከሰዓቶቹ ጎበዞች ናቸው ማለት ነው፤ ከ8 የ0.6 ብልጫ ከ40 ሲሰላ 3 ነው፣ የአማካዩ 2 ሲደመርበት 5 ይሆናል ብዬ ለከሰዓቶቹ 5 ማርክ ጨመርኩ። ተለጠፈ።

በሳምንቱ አንዲት የጠዋት ተማሪ መጣች። «ቲቸር፣ የመሰላሉን ጥያቄ እኮ እኛ ነን የነገርናቸው» አለችኝ።

ጠዋት የተፈተኑት ሲወጡ የከሰዓቶቹ በር ላይ ይጠብቋቸዋል። የከሰዓቶቹ እስኪገቡ ድረስ የጠዋቶቹ ከክፍል አይውጡ ብዬ ቀድሜ ለምኜ ነበር። «ፈታኝ የለንም» ተባልኩ። እስካሁን ያናድደኛል። በራሴ ግን ይብሳል። ስምንቱንም ጥያቄ አንድ በአንድ ሳይ ስድስቱ በሁለቱም ፈረቃ እኩል ተሠርተዋል። የመሰላሉንና የውሃ ታንከሩን ጥያቄ ግን ጠዋት ከ10 ልጅ 4ቱ፣ ከሰዓት 7ቱ አግኝተውታል። ይህን ለማየት 10 ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ሁለቱን ከአማካዩም ጭምር አውጥቼ ስሠራው ጠዋት 23.2፣ ከሰዓት 20.6 ይመጣል፤ መጨመር የነበረበት 2.6 ብቻ ነው። የርእሰ መምህሩ 2 ከእኔ 5 ይልቅ ለእውነቱ ይቀርብ ነበር።

20 በመቶ የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም። በአንድ ቀን ሁለት ፈረቃ የምትፈትኑ ከሆነ ታሪክ ያለውን ጥያቄ የጋራ አታድርጉ። መሰላልና ታንከር በር ላይ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። በቁጥር ብቻ የተሞላ እኩልታ ግን በቀላሉ በቃል ተይዞ አይወጣም። ከተቻለ ደግሞ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይግባ፣ ሁለቱን ኮድ በየወንበሩ እያፈራረቃችሁ አድሉ። ያኔ ሁለቱም ወረቀት ለተመሳሳይ ልጆች ስለሚደርስ የጋራ ጥያቄም አያስፈልግም።

ይስተካከል ብዬ ጻፍኩ። «የተለጠፈ ውጤት አይነካም» አሉኝ። በዚያ ማርክ ደረጃቸውን የተቀሙ የጠዋት ልጆች አሉ፤ ክፍል ስገባ ዓይናቸውን ማየት ይከብደኛል።