በጂ እና በኤ መካከል ያለችው ጥቁር ቁልፍ

ሲ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ጂ። በእነዚህ አራት ኮርዶች (አብረው በሚመቱ ኖታዎች) የተሠራውን ዘፈን ቆጥሮ የሚጨርስ የለም፤ እኔም አልንቃቸውም። የሚያናድደኝ አዲስ ዜማ ይዤ ኪቦርዱ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር እጄ ሳያማክረኝ ወደ እነሱ መሮጡ ነው። ዜማው ሌላ ነገር እያለ እጅ የለመደውን ይጫወታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ "ጃዝ ጃዝ የሚል ኮርድ" ፍለጋ ይወጣና ያገኘው ኮርድ ሁሉ ላይ 7 እና 9 (ከኮርዱ መነሻ ኖታ ሲቆጠር ሰባተኛዋንና ዘጠነኛዋን ኖታ) መደረብ ይጀምራል። መጀመሪያ ደስ ይላል። እያደር ግን ሁሉም ኮርድ እኩል ይለሰልስና ዘፈኑ ሊፍት ውስጥ እንደሚከፈት ሙዚቃ ይሆናል፤ ይሰማል እንጂ ማንም አያዳምጠውም።

እኔ ኖታ ከመደረቤ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ይቺ ኖታ ቀጥሎ ወዴት ልትሄድ ነው? መሄጃ ካላት ትግባ። ከሌላት ኮርዱ በሦስት ኖታው ቢቀር ምንም አይጎድልበትም።

ለጀማሪ ያህል አሠራሩ ቀላል ነው። ከሲ ተነስታችሁ ነጮቹን ቁልፎች አንድ እየዘለላችሁ ብትነኩ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ቢ ይመጣል፤ ሲ ሜጀር 7 ይኸው ነው። አንድ ጊዜ ጨምራችሁ ብትዘሉ ዲ ላይ ታርፋላችሁ፤ ሲ ሜጀር 9 ሆነ። አቋራጭም አለው፦ ግራ እጅ ኤፍን ይዞ ቀኝ እጅ ተራ ኤ ማይነር ቢጫወት የሚሰማው ኤፍ ሜጀር 7 ነው። ግራ እጅ ዲ፣ ቀኝ እጅ ኤፍ ሜጀር ከሆነ ደግሞ ዲ ማይነር 7 ይሆናል። ስለዚህ አዲስ ቅርጽ መሸምደድ የለባችሁም፤ የምታውቁትን ኮርድ ሌላ ቤዝ (የታችኛው ኖታ) ላይ ማስቀመጥ በቂ ነው። (ኢ እና ኤ በጽሑፍ ዓይን ያምታታሉና ቀስ ብላችሁ አንብቡ።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዲ ማይነር 7፣ ጂ7፣ ሲ ሜጀር 7 ተጫወቱ፤ ግን እንደ ወትሮው እጃችሁን ከቦታ ቦታ እያዘለላችሁ አይደለም። ግራ እጅ ቤዙን ብቻ ይያዝ፦ ዲ፣ ጂ፣ ሲ። ቀኝ እጅ ሁለት ኖታ ብቻ ይኑረው። ለዲ ማይነር 7 ኤፍን እና ከላይዋ ያለችውን ሲ ያዙ። ጂ7 ሲመጣ ኤፍ ካለችበት አትነቃነቅም፤ ሲ ብቻ ግማሽ ድምፅ (ወደ ቀጣዩዋ ቁልፍ) ወርዳ ቢ ትሆናለች። ወደ ሲ ሜጀር 7 ስታልፉ ደግሞ ቢ ትቆያለች፤ በተራዋ የምትወርደው ኤፍ ናት፣ ወደ ኢ። በቃ። በየሽግግሩ የተንቀሳቀሰው አንድ ጣት ብቻ ነው፣ እሱም ግማሽ ድምፅ። አምስተኛዋን ኖታ በሦስቱም ኮርዶች ውስጥ አልነካናትም፤ ማንም አልናፈቃትም። የኮርዱን መልክ የሚነግሩን ሦስተኛዋና ሰባተኛዋ ናቸው፤ አምስተኛዋ ብዙ ጊዜ ቦታ ከመያዝ ሌላ ሥራ የላትም።

ጂ7 ወደ ሲ የሚጎትተውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውስጡ ያሉት ኤፍ እና ቢ በስድስት ግማሽ ድምፅ ይራራቃሉ፤ ጆሮ በዚህ ርቀት ላይ ማረፍ አይወድም። ኤፍ ወደ ኢ ልውረድ ትላለች፣ ቢ ወደ ሲ ልውጣ ትላለች። ሰባተኛዋ ኖታ ጌጥ መስላ ብትታይም ኮርዱን የምትገፋው እሷ ናት።

ይህን አንዴ የሰማ ጆሮ ሌላ ቦታም ይፈልገዋል። እኔ በጣም የምወደው ቅደም ተከተል ይኼ ነው፦ ሲ፣ ኢ7፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ፣ ኤፍ ማይነር፣ ሲ። እንግዳ የሆኑት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ኢ7 እና ኤፍ ማይነር ከሲ ሜጀር ስኬል (ከነጮቹ ቁልፎች) ውጭ ያለ ኖታ ይዘዋል። የሚገርመው ሁለቱም የሚበደሯት አንዷኑ ጥቁር ቁልፍ መሆኑ ነው፣ በጂ እና በኤ መካከል ያለችውን። ኢ7 ውስጥ ጂ ሻርፕ እንላታለን፣ ኤፍ ማይነር ውስጥ ኤ ፍላት። በአንድ ጣት ብቻ ተከተሏት፦ ሲ ላይ ጂ፣ ኢ7 ላይ ጂ ሻርፕ፣ ኤ ማይነር ላይ ኤ፣ ኤፍ ላይም ኤ፣ ኤፍ ማይነር ላይ ኤ ፍላት፣ መጨረሻ ሲ ላይ ጂ። ሽቅብ ወጥታ በመጣችበት ተመለሰች። በመውጫው ላይ ተስፋ ያላት የምትመስለው ቁልፍ በመውረጃው ላይ ታሳዝናለች፤ ቁልፏ ግን ያቺው ናት። አድማጭ ስሟን አያውቅም፣ የሆነ ነገር ሆዱን እንደነካው ግን ያውቃል። ቫዮሊን ወይም አጃቢ ድምፃውያን ካሏችሁ ይቺን መስመር ስጧቸው፤ ሌላ ነገር መጻፍ አይጠበቅባችሁም።

ቤዝም እንዲሁ ነው። ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር ላይ ቤዙ ከሲ ወደ ጂ፣ ከጂ ወደ ኤ ሲዘል ዘፈኑ ይንገጫገጫል። የጂን ኮርድ ሳትነኩ ቤዙን ብቻ ቢ ላይ አድርጉት፤ ሲ፣ ቢ፣ ኤ እያለ በደረጃ ይወርዳል። አንድም ኖታ አልጨመርንም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከማንኛውም 9 እና 13 የበለጠ ዋጋ ያለው ይኼ ነው።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ጂ ሰስ 4 (ጂ፣ ሲ፣ ዲ) የቢን ቦታ ለሲ ሰጥቶ ቢን ያዘገያታል፤ መዝጊያ ላይ ጥሩ ነው። በሲ እና በዲ ማይነር መካከል ሲ ሻርፕ ዲሚኒሽድ 7 (ሲ ሻርፕ፣ ኢ፣ ጂ፣ ቢ ፍላት) ካስገባችሁ ቤዙ በግማሽ ድምፅ እየወጣ ያገናኛቸዋል። ጂ7ን በዲ ፍላት 7 መተካት የሚባል ነገርም አለ፤ ኤፍ እና ቢ ሁለቱም ውስጥ ስላሉ ይሠራል፣ ቤዙም ከዲ ፍላት ወደ ሲ ሾልኮ ይወርዳል። እኔ ግን እምብዛም አልጠቀምበትም። ተራ የፍቅር ዘፈን መሃል ድንገት ሲመጣ ተጫዋቹ "እኔን እዩኝ" ያለ ይመስለኛል።

ሀብታም ኮርድ የሚበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ታች ሲሰማ ነው። ከመካከለኛው ሲ አንድ ኦክታቭ (እስከ ቀጣዩ ሲ) ወርዳችሁ ሲ እና ኢን አንድ ላይ ንኩ፤ ይድፈነፈናል፣ ሌላ ኦክታቭ ብትወርዱ ይብሳል። ታች ቤዙን፣ ቢበዛ አምስተኛውን ወይም ኦክታቩን ብቻ ተዉ። ሦስተኛ፣ ሰባተኛ፣ ዘጠነኛ ከመካከለኛው ሲ ዙሪያ ጀምሮ ወደ ላይ ይሰለፉ። ቤዝ ጊታር ያለበት ባንድ ውስጥ ከሆናችሁማ ግራ እጃችሁን አሳርፉት፤ ቤዙን የሚይዝ ሰው አለ።

ከሁሉም በላይ ግን ዜማውን ጠይቁት። ዘፋኙ ሲ ላይ በሚያርፍበት ቦታ ሲ ሜጀር 7 ብትጫወቱ የእናንተ ቢ ከሱ ሲ ጋር በግማሽ ድምፅ ትጋጫለች፤ ዘፋኙ ስቶ የወጣ ይመስላል፣ ጥፋቱ ግን የሱ አይደለም። እዚያ ቦታ ሲ6 (ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ) ወይም ሲ አድ 9 (ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ዲ) ይሻላል። በኢ7 ላይ ዜማው ጂን ከያዘ፣ በኤፍ ማይነር ላይ ኤን ከያዘ ያው ግጭት ነው። ለዚህ ነው እኔ ዜማውን ያለ ምንም ኮርድ ስልኬ ላይ ቀድቼ፣ ከዚያ ቤዙን ብቻ ሠርቼ፣ መሃሉን በመጨረሻ የምሞላው።

አሁን በምሠራው ዘፈን ኮረስ ውስጥ ለኤፍ ማይነር የተመቸ ቦታ አለ፤ ከኤፍ ቀጥሎ፣ ወደ ሲ ከመመለሱ በፊት። ዘፋኟ ግን ልክ እዚያ ላይ ኤን ይዛ ትቆያለች፣ የግጥሙም ጠንካራ ቃል ያለው እዚያው ነው። ወደ ኤ ፍላት ትውረድልኝ ብዬ ሞከርኩት፤ ቃሉ ሞተ። ስለዚህ ኤፍ ሜጀር ሆኖ ይቀጥላል። ጥቁሯን ቁልፍ መግቢያው ላይ፣ እሷ መዝፈን ሳትጀምር፣ ለጊታሩ ሰጥቻታለሁ።