የአለቃ ቁስል

አለቃ በቤታችን የዓሣ ገንዳ ውስጥ የሚኖረው የጎልድፊሻችን ስም ነው። ስሙን ያወጣችለት የእህቴ ልጅ ናት፤ ምግብ ሲመጣ ሌሎቹን እየገፋ ቀድሞ ስለሚደርስ። አንድ ማታ ክፍሉ ጨለማ እንደሆነ የገንዳው መብራት ቦግ ሲል ደነገጠና ተፈትልኮ ከድንጋይ ዋሻው ጋር ተላተመ። ቀርቤ ሳየው የግራ ጎኑ ቅርፊት ተልጦ ሥጋው ቀልቷል። የጅራቱ ክንፍም እስከ ግማሹ ተሰንጥቋል።

"አንቲባዮቲክ ጨምሪበት" የሚል መካሪ ወዲያው ተገኘ። አልጨመርኩም። ኢንፌክሽን ላልያዘው ንጹህ ቁስል አንቲባዮቲክ የሚጠቅመው ነገር የለም። ጭራሽ በፊልተሩ (በውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ላይ የሚኖሩትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሊገድል ይችላል። ዓሣ ከስንጥቡ (ከመተንፈሻው) የሚያስወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ከሌሉ አሞኒያው ይጠራቀማል፣ ስንጥብና ቆዳ ያቃጥላል። ጤነኛውን ዓሣ የሚጥል ነገር ለቆሰለው ምን ይሆን?

ጓደኞቹ ቁስሉን መልከፍ ስለጀመሩ ለብቻው ማድረግ ግድ ሆነ። 20 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የዚያኑ ገንዳ ውሃ ሞላሁ፤ ከፊልተሩም ከሁለት ስፖንጆች አንዱን አዛወርኩ። ባክቴሪያዎቹ አብረው መጡ ማለት ነው። አዲስ ፊልተር ከዜሮ ቢጀመር እስኪደራጅ ብዙ ጊዜ አንድ ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ቁስለኛ ያን ያህል አይጠብቅም። አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕ ጨመርኩ። አለቃን ያወጣሁት በመረብ ሳይሆን በጎድጓዳ ሳህን፣ ከነውሃው ነው። መረብ የዓሣን ዝልግልግ ሽፋን ይፍቃል፤ ጀርምን መጀመሪያ የሚከለክለው ደግሞ ያ ሽፋን ነው።

ከዚያ ጨው። ብዙ ሰው ጨው የሚጨመረው ጀርም ስለሚገድል ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ነገር ሌላ ነው። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ሰውነት ከሚኖርበት ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው። ስለዚህ ውሃ ሳያቋርጥ ወደ ውስጡ ይሰርጋል፤ ኩላሊቱም ሲያስወጣ ይውላል። ቆዳው የተላጠበት ቦታ እንደተከፈተ በር ነው። ውሃው ትንሽ ጨው ሲኖረው ልዩነቱ ይጠብና ዓሣው ጉልበቱን ለቁስሉ ያውለዋል። እኔ በሊትር 2 ግራም ሂሳብ፣ ለ20 ሊትሩ 40 ግራም፣ በውሃ አሟሙቼ በአንድ ቀን ውስጥ ከፋፍዬ ጨመርኩ። ጎልድፊሽ ይህን በደንብ ይችላል። ኮሪዶራስ እንደሚባሉት ያሉ አንዳንድ የገንዳ ዓሣዎችና ብዙ የገንዳ ተክሎች ግን ጨው አይወዱም። ደግሞ ጨው አይተንም! ውሃው ተንኖ ከጎደለ የሚጨመረው ጨው የሌለው ውሃ ነው። ጨው የሚጨመረው ተቀድቶ በተጣለው ውሃ ልክ ብቻ ነው።

የቀረው አሰልቺ ሥራ ነው። አሞኒያና ናይትራይት መለካት፣ ከዜሮ ካለፈ ከውሃው ሩቡን ወይም ግማሹን መቀየር። አዲሱ ውሃ ክሎሪኑ የጠፋለት፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት። ምግብ በጥቂቱ፣ የተረፈውን ወዲያው ማንሳት። በአንድ በኩል ጨርቅ ጋረድኩለት፣ ሰው ባለፈ ቁጥር እንዳይደነግጥ።

ለእኔ ከባዱ ያየሁትን በትክክል ማንበብ ነበር። የተቀደደው ክንፍ ጠርዝ ላይ ስስ፣ ነጣ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሽፋን ሲወጣ ብዙዎች ፈንገስ ነው ብለው መድኃኒት ይደፋሉ። አዲስ እያደገ ያለ ክንፍ ነው፤ ቀለሙ በኋላ ይመጣል። ፈንገስ እንደ ባዘቶ የተንሳፈፈ ጸጉር አለው። ጠርዙ ቀልቶ ክንፉ በየቀኑ ካጠረ ደግሞ ብስበሳ ጀምሯል፤ ያኔ ነው መድኃኒት የሚታሰበው።

ትንሽ ቆይቶ በቁስሉ ዙሪያ ጥቁር ወጣ። የእህቴ ልጅ "አለቃ ተቃጠለ!" ብላ ጮኸች። ጎልድፊሽ ቁስሉ ሲድን ጥቁር ቀለም ያላቸው ሴሎች እዚያ ይሰባሰባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይለቃል። በአሞኒያ ተጎድቶ ያገገመ ዓሣም እንዲሁ ስለሚጠቁር ውሃውን ለካሁት። ዜሮ ነው። ተውኩት።

ቆዳው ሲገጥም፣ ጅራቱ ሙሉ እስኪሆን ሳልጠብቅ፣ ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ጨው ሳልተካ ጨውነቱን አቅልዬ ወደ ገንዳው መለስኩት። አሁን መጀመሪያ የክፍሉ መብራት ይበራል፣ የገንዳው ከቆይታ በኋላ። ዓሣ የሚጨፍነው የዓይን ቆብ የለውም፤ ድንገተኛ ብርሃን ሲመጣበት ያለው ምርጫ መሸሽ ነው። ዋሻውንም ፈተንኩት። አሮጌ የናይለን ስቶኪንግ ላዩ ላይ ይጎተታል፤ ስቶኪንጉን የያዘ ሻካራ ነገር ክንፍም ይቀድዳል። ዋሻው በደንብ ያዘው። አሁን የመጽሐፍ መደገፊያ ሆኖ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል።