ክራሩን ለብቻው ስሰማው

ዛሬ አንድ ወጣት አቀናባሪ ሙሉ የፕሮጀክት ፋይሉን ላከልኝ። ያለቀውን ዘፈን ሳይሆን ሥራውን ራሱን፣ 41 ትራክ (ለየብቻ የተቀመጠ የድምፅ መስመር) ከነሙከራው፣ ከነስህተቱ።

መጀመሪያ ግማሹ ዝም አለ። የፕሮጀክት ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የተቀዳው ድምፅ የት እንዳለ ይጠቁማል እንጂ ድምፁን በውስጡ አይዝም። ደወልኩለት፤ ሁሉንም በአንድ ማኅደር ሰብስቦ፣ እኔ ጋ የሌሉትን የኮምፒውተር የሙዚቃ መሣሪያዎች ድምፅ ወደ ዌቭ፣ ማለትም ወደ ተራ የድምፅ ፋይል፣ ቀይሮ እንደገና ላከው። የዘፋኟን ድምፅ ግን ሳያስፈቅዳት አላካተተም። በዚህ አከበርኩት።

ፋይሉ ወርዶ ሲያልቅ ቡናችን በረካ ላይ ደርሶ ነበር።

ከዚያ ክራሩን ለብቻው ከፈትኩት። አንቺሆዬ! ይህን ቅኝት በኪቦርድ ስጫወት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለኝ ነበር። የኪቦርድ 12 ድምፆች በእኩል ርቀት የተከፋፈሉ ናቸው፤ ክራር ግን የሚቃኘው በጆሮ ነው። ልጁ ክራሩን አልነካውም። የኪቦርዱን ድምፆች አንድ በአንድ፣ በጥቂት በጥቂቱ እያወጣና እያወረደ ክራሩ ወዳለበት አምጥቷቸዋል። ያለቀውን ዘፈን መቶ ጊዜ ብሰማው ይህን አላገኘውም ነበር።

እኔ ስጀምር ሰው ወደ ስቱዲዮው ሲገባ አሠራራቸው እንዳይታይ ስክሪኑን የሚያጠፉ አቀናባሪዎች ነበሩ። ዛሬም ድረስ ያሳዝነኛል፤ ስንት ዓመት በግምት ደከምን!

ማታ ያለፈው ዓመት የትዝታ ቅንብሬን ሰብስቤ፣ የከበሮውን አቀዳድ በማስታወሻ ጽፌ ለእሱና ለሦስት ጓደኞቹ ላክሁ። ፋይሉ ገና እየተላከ ነው፤ አሁን 62 በመቶ ደርሷል።